በሰው አገር ወዳጅ ስለ ማፍራት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ባልና ሚስት ሆነን ነው። የሚያነበው አንዳችን ቢሆንም ቃሉ የሁለታችን ነውና፣ «እኛ» ባልን ቁጥር ሁለታችንን እያሰባችሁ ስሙን።

የእድራችን ጸሐፊ «ስለ ውጭ አገር ኑሮ አንድ ነገር አዘጋጁ» ባሉን ጊዜ በመጀመሪያ አመንትተን ነበር። ስለ ፎቁና ስለ መኪናው እንዳንናገር፣ ያንን ሕፃን ልጅ እንኳ በስልክ ላይ ያየዋል። በኋላ ግን ስናስበው፣ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ልጅ ወይም እኅት ወይም ወንድም ባሕር ማዶ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የአንዱ ልጅ ዋሺንግተን ነው፤ የሌላው ቤይሩት፣ የሌላው ሪያድ ወይም ዱባይ። ሻንጣ እየገዛ ያለም አይጠፋም። እንግዲህ የምንናገረው ስለ አገር ናፍቆትና በሰው አገር ወዳጅ ስለ ማፍራት ይሆናል። ነገሩ ከእድራችን ሥራ የራቀ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ከዚህ ሰፈር የወጣነው በግንቦት ወር 1988 ዓ.ም. በዲቪ ዕጣ ነበር። ያረፍነው በዋሺንግተን ዲሲ ከተማ፣ ማውንት ፕሌዛንት በሚባለው ሰፈር ነው። የተቀበለን የሩቅ ዘመድ ጥቂት ሳምንት አብሮን ከቆየ በኋላ ሥራ አግኝቶ ወደ ቴክሳስ ሄደና ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። እዚህ ሳለን አንዳችን አስተማሪ፣ አንዳችን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርን። እዚያ አንዳችን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ አንዳችን የሆቴል ክፍል አጽጂ ሆንን። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ካልሆነ በቀር አንድ ማዕድ ላይ አንቀመጥም ነበር።

በከተማው ኢትዮጵያዊ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ በ18ኛው መንገድ ላይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ነበሩ። በምንሳፈርበት በ42 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ አማርኛ የማይሰማበት ቀን አልነበረም። ታዲያ ምን ሆናችሁ ብትሉን፣ እውነቱን ለመናገር ተሸሸግን። ከመሄዳችን በፊት «ከሀበሻ ራቁ፣ ሐሜቱ አያስኖራችሁም» ብሎ የመከረን ሰው ነበር። ከምክሩ ይልቅ ያሸነፈን ግን የራሳችን እፍረት ነው። በዚህ ሰፈር «መምህር» ሲባል የኖረ ሰው፣ በደንብ ልብስ ቆሞ የሰው መኪና ቁልፍ ሲቀበል እንዲያዩት አልፈለገም። በየጠዋቱ በአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አንድ ጎልማሳ «ሀበሻ ናችሁ?» እያለ ሰላምታ ይሰጠን ነበር። እኛም እንዳልሰማ ሰው ወደ ሌላ ወገን እናይ ነበር። ይህን ሰው በልባችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከፈረንጅ ጎረቤቶቻችን ጋር ደግሞ የተለያየነው በቡና ነው። አንድ እሑድ ጠዋት እንደ አገራችን ደንብ ቡና ቆልተን ዕጣን አጨስን። ወዲያው ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ የሕንፃው ደወል ሁሉ ተከተለው፤ ብዙም ሳይቆይ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ሰዉ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ደጅ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ፣ እኛ የቡናውን ምጣድ እንደ ያዝን መካከሉ ቆመን ነበር። ዛሬ እንስቅበታለን። ያን ጊዜ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና መቁላት ተውን። ቡና ሲቀር ደግሞ ጎረቤት መጥራት አብሮ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ከወገንም ከባዕድም ተለይተን ተቀመጥን።

በጋው እንደምንም አለፈ። የከበደው ብርዱ ሲመጣ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ እኩል በሚባል አገር ያደግን ሰዎች ነን። በዋሺንግተን በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከሥራ ስንወጣ ጨለማ፣ ስንገባ ጨለማ። በመካከላችን መነጋገር እንኳ ቀነሰ። ምግቡ አይጣፍጥም፤ እንቅልፉ አያሳርፍም። አንዳችን በሌሊት ተነሥተን የዚህን ሰፈር ቤቶች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምረን አንድ በአንድ በልባችን እንቆጥር ነበር፤ ሌላኛችንም ያንኑ ስንቆጥር መኖራችንን የተነጋገርነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እናታችን፣ በሥጋ የአንዳችን፣ በፍቅር የሁለታችን እናት፣ በዚህ ሰፈር ነባሮቹ ሁሉ «እማማ» እያላችሁ የምታውቋቸው ነበሩ። በኅዳር ወር መጀመሪያ 1989 ዓ.ም. አረፉ። ይህ እድር ጥሩንባውን አስነፍቶ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ በክብር ቀበራቸው። ከእናንተ መካከል ቃሬዛውን የያዛችሁ አላችሁ። ሌሊት ከወንድማችን ጋር የተቀመጣችሁም አላችሁ። እኛ ግን የሆነውን አላወቅንም።

እንደምታውቁት በእኛ ባህል ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ቤቱ ሳለ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌና ዘመድ ሄዶ ነው። ልጅ በሰው አገር ሲሆን ደግሞ ዘመድ በዚያ ከተማ ያለ ወዳጁን ይፈልግና «ሄዳችሁ አርዱልን» ብሎ ይለምናል። ወንድማችንም ይህንኑ ሊያደርግ ተነሣ። ዳሩ ግን ማንን ይለምን? በደብዳቤያችን ላይ የአንድ ሰው ስም አልጻፍንም። ከእገሌ ጋር ቡና ጠጣን፣ እገሌ ሰላም ይላችኋል ብለን አናውቅም። በዚያ ሁሉ ኢትዮጵያዊ በሞላበት ከተማ የእኛን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው አጣ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ለእማማ የጋቢ መግዣ ብለን 100 ዶላር ላክን። ለገናም ደወልን። «እማማን አገናኘን» አልነው። «ጠበል ሄደዋል» አለን። «መቼ ይመለሳሉ?» ብንለው «ለጥምቀት» አለ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስንደውል «ገና አልተመለሱም» አለን። ድምፁ ልክ አልነበረም። እኛም መጠየቅ ፈርተን ዝም አልን።

በጥር ወር መጨረሻ፣ አንዳችን በመኪና ማቆሚያው ሥራ ላይ ሳለን አንድ መኪና መጣ። ከነጂው አጠገብ የተቀመጠው ሰው አገር ቤት የተሰፋ ካፖርት ለብሷል። እንደ ልማዳችን ዓይናችንን ልንሰብር ስንል ሰውየው ትኩር ብሎ አየንና የሰፈራችንን ስም ጠራ። ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ኮፍያውን አወለቀና «እግዜር ያጥናችሁ፤ እማማን ስንቀብር እኔም እዚያው ነበርኩ» አለ። ከዚያ ፊታችንን ሲያይ የሆነው ነገር ገባው። «አላወቃችሁም እንዴ?» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ኮፍያውን እንደ ያዘ በዚያ ብርድ ቆሞ ቀረ።

መርዶ ሲነገር አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ውሃ ያቀርባል። ያን ዕለት ማታ በእኛ ቤት ግን ተናጋሪውም፣ ያዡም፣ አልቃሹም እኛው ሁለታችን ነበርን። አርባቸው አልፏል። ጋቢ መግዣ ብለን የላክነው ገንዘብ ለአርባቸው መዋሉን በኋላ ሰማን።

ለቅሶው ግድግዳውን አልፎ ሄደና በሩ ተንኳኳ። ስለ ጩኸቱ ሊቆጡን የመጡ መስሎን ደነገጥን። በሩን ስንከፍት ከጎናችን የሚኖሩት፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንደ እኛው የተሰባበረ ነበር። ምንም ሳይጠይቁን ግድግዳው ላይ ወዳለው የእማማ ፎቶግራፍ አመለከቱና ፊታችንን አዩ። ራሳችንን ነቀነቅን። ወጡና ትኩስ ሾርባ በድስት ይዘው ተመለሱ። ወለሉ ላይ አጠገባችን ተቀምጠው እስኪነጋ ድረስ አልሄዱም። ቋንቋችን ከዳበረ በኋላ እንደ ነገሩን፣ በአገራቸው ከ1980 እስከ 1992 (እ.ኤ.አ.) በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ወንድማቸው ሞቷል፤ እርሳቸውም አልቀበሩትም።

በቅዳሜው ደግሞ ያ ከሰፈራችን የመጣው ሰው ወሬውን አድርሶ ኖሮ፣ አሥራ አንድ የማናውቃቸው ሰዎች በሩን ሞሉት። ንፍሮ ቀቅለው፣ ጀበናና ሲኒ ይዘው መጥተዋል። ፊታችንን አይተው ሳይሆን የአገራችንን ሰው ሞት ሰምተው ነው የመጡት። ከመካከላቸው አንዱ ያ በአውቶቡስ መጠበቂያ ሰላምታ ሲሰጠን ፊታችንን ስናዞርበት የከረመው ጎልማሳ ነበር። ገብቶ ጉልበታችንን ይዞ አለቀሰ። ስለዚያ ነገር ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አላነሣብንም። እኛ ግን ይኸው እስከ ዛሬ እናነሣዋለን።

የተከበራችሁ አባሎች፣

ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። በሰው አገር ወዳጅ ማለት ጨዋታ የሚያደምቅ ሰው ብቻ አይደለም። ወዳጅ ማለት ክፉ ቀን ሲመጣ በርህን አውቆ የሚያንኳኳ ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ በክፉው ቀን አይገኝም፤ በደኅናው ቀን ነው የሚፈራው።

ናፍቆት ራሱ ነውር እንዳልሆነ ልጆቻችን ይወቁት። የእኛ ሰው ሆድ ስለሚብሰው ብቻ የመጣ ነገርም አይደለም። ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ በ1688 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከአገራቸው የራቁ ሰዎች የሚያድርባቸውን ሕመም መርምሮ፣ «መመለስ» እና «ሕመም» ከሚሉት ሁለት የግሪክ ቃላት ስም አውጥቶለታል። ፈረንጆች ዛሬ ኖስታልጂያ የሚሉት ቃል ከዚያ የመጣ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ፣ ባዕድ አገር የሚገባ ሰው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ዘርዝሯል። በመጀመሪያ ሁሉ ነገር ያምራል። ቀጥሎ ሁሉ ነገር ያስጠላል፤ አገሩም ሰዉም ጠላት ይመስላል። ከዚያ ሰው ቀስ በቀስ ቋንቋውንና መንገዱን ይለምዳል፤ በመጨረሻም እንደ ኗሪ ይሆናል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ልጅ «አበድኩ» ብሎ እንዳይፈራ፣ ወላጅም «ልጄ ተበላሸ» ብሎ እንዳይደነግጥ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የእኛን ኑሮ ስናስበው ግን ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያሻገረን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሰው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ወዳጅነት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጄፍሪ ሆል የተባሉ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳወቁት ጥናት፣ ሁለት ሰዎች ከመተዋወቅ አልፈው ቀለል ያለ ወዳጅነት እስኪጀምሩ 50 ሰዓት ያህል፣ ወዳጅ እስኪሆኑ 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅ እስኪሆኑ ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምተዋል። ይህን በእኛ ቡና ብንለካው፣ አቦል ቶና በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል እንበል። በሳምንት አንድ ቀን አብሮ የሚጠጣ ሰው በዓመት 78 ሰዓት ያገኛል። እንግዲህ የልብ ወዳጅ ለማግኘት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቡና መጠጣት አለበት ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ወር «ሰው አጣሁ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ቁም ነገሩ ጀበናውን ሳይጥዱ አለመቅረት ነው።

እኛ በ22 ዓመት ኑሯችን ጠቅሞን ያየነውን በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፣ ቋሚ ቦታና ቋሚ ቀን መያዝ ነው። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን፣ እስላሙ በመስጊድ፣ ተማሪው በማታ ትምህርት፣ ወጣቱ በኳስ ሜዳ። ሰው አንድ ቀን ተገናኝቶ አይወዳጅም፤ ደጋግሞ መተያየት አለበት። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በየዓመቱ በሰኔ ወር መጨረሻ ገደማ በሚደረገው የኳስ ውድድር ለዓመታት የተጠፋፋ ሰው ሲገናኝ አይተናል። እኛ በበኩላችን ለነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ወደ ሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየማክሰኞው እንሄድ ነበር። እዚያ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያተረፍነው ሰዎቹን ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ነገር መለመን ነው። እኛ ለመስጠት እንጂ ለመቀበል እንኮራለን። ነገር ግን «እባክህ ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ»፣ «እባክሽ መጥረጊያ አውሺኝ» ያልነው ሰው ሁሉ በሁለተኛው ቀን ሰላምታ ቀድሞ ይሰጠን ነበር። የተለመነ ሰው ተከብሬአለሁ ይላል።

ሦስተኛ፣ የአገሩን ልማድ እንደ ጥላቻ አለመቁጠር ነው። አሜሪካዊ «ሃው አር ዩ» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ይህ ስድብ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ግን «እንደምን አደርክ» ማለት ብቻ ነው። ያለ ቀጠሮ ሰው ቤት መሄድም በዚያ ነውር ነው። ሰው የሚመጣው ሲጠራ ነው፤ እንግዲህ መጥራት ነው። እኛም መስኮቱን ከፍተን፣ ጎረቤቶቻችንን አስቀድመን አስጠንቅቀን፣ ቡናችንን እንደገና መቁላት ጀመርን። በእሳት አደጋው ቀን ደጅ ሲንቀጠቀጡ ከነበሩት መካከል ሦስቱ የእሑድ ቡናችን ጠጪዎች ሆኑ። የኤል ሳልቫዶሯ ሴትዮ ደግሞ ሁልጊዜ በረካውን ሳይጠጡ አይነሡም ነበር።

አራተኛ፣ በስልክ ላይ አለመኖር ነው። ዛሬ በየቀኑ በምስል መተያየት ተችሏል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ከሥራ መልስ ሌሊቱን ሙሉ ከአገር ቤት ጋር በስልክ የሚያድር ልጅ፣ ሥጋው እዚያ፣ ነፍሱ እዚህ ሆኖ የትም ሳይኖር ይቀራል። ወላጆችም እባካችሁ፣ ስትደውሉ «ምን ላክህ?» ከማለት በፊት «ከማን ጋር ቡና ጠጣህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛና ትልቁ፣ ሰው ሲቸገር ቀድሞ መድረስ ነው። ለቅሶ ከደረሱን ሰዎች ጋር በ1990 ዓ.ም. ዘጠኝ ቤተሰብ ሆነን ትንሽ እድር አቋቋምን። በወር የምናዋጣው አሥር አሥር ዶላር ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እኛም በተራችን መርዶ ነጋሪ ሆንን። ሥራው ሥርዓት አለው። ከአገር ቤት ሲደወል በመጀመሪያ ሰውየው መቼ ከሥራ እንደሚወጣ ከቅርብ ወዳጁ እናጣራለን። መኪና እየነዳ እንዳይሰማ እንጠነቀቃለን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ከበሩ እንደርሳለን። አንዱ ቡናና ዳቦ ይይዛል፤ አንዱ ከአሠሪው ፈቃድ ይጠይቃል፤ የደም ግፊት ያለበት እንደሆነ ነርስ የሆነች እኅት አብራን ትመጣለች። በሩ ሲከፈት ሰውየው በዚያ ሰዓት ተሰብስበን ሲያየን ሳንናገር ያውቀዋል። ያን ጊዜ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ አለ። ይህን ሁሉ ስናደርግ የራሳችን ናፍቆት ቀለለን። አገራችን የቀረብን የመሰለን ነገር፣ ለካ በእጃችን ልንሠራው የምንችለው ነገር ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆናል። እስካሁን የተናገርነው በሩን ከፍቶ ለመውጣት ለተፈቀደለት ሰው ነው። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጃችን የዕረፍት ቀን ላይኖራት፣ ፓስፖርቷም ስልኳም በአሠሪዋ እጅ ሊሆን ይችላል። እርሷን «ውጪና ወዳጅ አፍሪ» ማለት ቀልድ ነው። እንዲህም ሆኖ እኅቶቻችን እርስ በርሳቸው ሲደጋገፉ ታይተዋል። በሊባኖስ በቤት ሠራተኛነት የኖሩ ኢትዮጵያውያት በ2017 እ.ኤ.አ. «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ኢኮኖሚ ወድቆ ኮሮናም በተጨመረበት ወራት፣ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ይህ ማኅበር ለብዙዎቹ ምግብና ማደሪያ በመፈለግ ደርሶላቸዋል። እንዲህ ያለችውን ልጅ ከዚህ ሆነን ልንረዳት የምንችለው፣ ሳትሄድ በፊት የአሠሪዋን ስምና አድራሻ፣ የላካትን ኤጀንሲና በዚያ ከተማ ያለች አንዲት የምትታመን ኢትዮጵያዊት ስልክ ጽፈን በመያዝ ነው። ድምፅዋ ሲጠፋ የምንይዘው ጫፍ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ማጠቃለያችን ደርሰናል። ለጉባኤው ሁለት አሳቦች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው፣ በእድራችን መዝገብ ላይ ከየአባሉ ስም አጠገብ አንድ ዓምድ እንዲጨመር ነው። በውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ወይም እኅት ያለው አባል፣ የዚያን ሰው ከተማና በዚያ ከተማ ያለ የአንድ ወዳጁን ስምና ስልክ ያስመዘግብ። «ልጄ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም» የሚል ካለ፣ ያ ባዶ ቦታ ራሱ ይናገራል። ጸሐፊያችን መዝገቡን አገላብጠው «የእገሌ ልጅ እዚያው ከተማ አለ፤ እናገናኛቸው» ሊሉ ይችላሉ። አንድ የሰፈር ልጅ ሌላውን ሳያውቀው በአንድ ከተማ ውስጥ የሚኖርበት ምክንያት የለም። ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ ብዕርና አንድ መስመር ነው።

ሁለተኛው፣ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉን ከሻማ ጋር በፌስቡክና በቴሌግራም ለማውጣት አንቸኩል። የእኛ ችግር መርዶው ሁለት ወር ከምናምን መዘግየቱ ነበር። የዛሬ ልጆች ችግር መርዶው ሽማግሌ ሳይቀድመው መድረሱ ነው። ልጅቱ በአውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ስልኳን ስትከፍት የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ታያለች። የሚይዛት ሰው የለም። እንግዲህ ጥሩንባው ሲነፋ፣ የእድሩ ዳኛ «የውጭዎቹ ተረድተዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ በሩ መንኳኳቱ ሳይረጋገጥ ፎቶ አይውጣ።

ይህን የምንለው ምስጋናም ስላለብን ነው። እማማን የቀበራችሁት እኛ በሌለንበት ነው። የአፈሩን ድርሻችንን የጣላችሁልን እናንተ ናችሁ። ከ22 ዓመት በኋላ በ2010 ዓ.ም. ተመልሰን በዚህ አዳራሽ ስንገባ ከመካከላችሁ አንዳችሁም «የት ነበራችሁ?» ብሎ አልጠየቀንም፤ «እንኳን ለአገራችሁ አበቃችሁ» አላችሁን እንጂ። ያ የአውቶቡስ መጠበቂያው ወንድማችን ዛሬም በዋሺንግተን አለ። በየእሑዱ ይደውልልናል፤ የእድራችንም ደኅንነት ሳይጠይቅ ስልኩን አይዘጋም። የሰፈራችን ልጅ ወደዚያ የሚሄድ ካለ ስሙንና ቁጥሩን ከእኛ ይውሰድ፤ በእርሱ በኩል ቡናው ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነው።